የሚስስ ናጋታ በረዶ

ባለፈው ሳምንት በእናቴ ሱቅ ከአዲስ አበባ የመጣ ካርቶን ስንከፍት የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ነጠላዎቹ በላስቲክ ተጠቅልለዋል፣ በየመሀላቸው ነጫጭ ኳሶች ጣል ጣል ተደርጎባቸዋል። «ማንዶሊን ማንዶሊን ሸተተኝ» አልኩ ሳላስበው። አብራን የምትሠራው ልጅ ሳቀችብኝ። «ማንዶሊን ደግሞ ምን ይሸታል?» አለች። እናቴ ግን አልሳቀችም። እጇን ነጠላው ላይ እንዳደረገች፣ «እውነቷን ነው» ብላ ካርቶኑን መልሳ ዘጋችው።

ልጅ ሳለሁ ማንዶሊን ከፋብሪካው ጀምሮ ናፍታሌን የሚሸት ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ምን ላድርግ! የማውቃቸው ማንዶሊኖች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የአያቴ፣ አንዱ ከላያችን የሚኖሩት የሚስስ ናጋታ። ሁለቱም ሣጥናቸው ሲከፈት እንደዚያ ይሸታሉ። አንዱ ከፒያሳ፣ አንዱ ከጃፓን ተነሥተው ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንድ ዓይነት ከሸተቱ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ብላ ታስብ?

ቤታችን ከፌርፋክስ ወደ ጎን እጥፍ ሲባል የሚገኝ፣ አራት ቤተሰብ የሚኖርበት አሮጌ ባለ ፎቅ ነበር። የሐበሻ ምግብ ቤቶቹን ፈልገው የሚመጡ ሰዎች ቦታ ሲያጡ መውጫችንን ዘግተው ፓርክ ያደርጋሉ፤ አባቴ ታክሲውን ማስገባት ሲያቅተው ሰባት ትውልዳቸውን ይረግማል። ከታች እኛ ነን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ የእናቴ አባትና እናት። ከላያችን ሚስስ ናጋታ ለብቻቸው።

አያቴ ይርጋ አዲስ አበባ ሳለ በአንድ ቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ማንዶሊን ይጫወት ነበር። ሎስ አንጀለስ ከመጣ ወዲህ ግን የሚጫወተው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሚስቱ ለእማማ። ከሰዓት በኋላ ከኋላ ያለው ደረጃ ላይ ይቀመጥና ይጀምራል። እማማ ወጥ ቤት ሆና ትሰማዋለች። ታዲያ ዘፈኑ ሞቅ ሞቅ ብሎ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ «ይርጋ! ና፣ ሻይህ ቀዘቀዘ!» ትለዋለች። እሱም «መጣሁ፣ መጣሁ!» ብሎ እዚያው ያቆመዋል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ሻዩ ደግሞ አንድም ቀን ቀዝቅዞ አያውቅም፤ ምላስ የሚልጥ ነበር።

«እቺ ሴትዮ ካገባኋት ጀምሮ አንድ ዘፈን አስጨርሳኝ አታውቅም» ይላል ለመጣው እንግዳ ሁሉ።

«ዘፈን ሲያልቅ ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ትላለች እሷ። «ምን አስጨረሰህ? ነገም ቀን ነው።»

ሚስስ ናጋታ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። ዳውንታውን አጠገብ ባለ አዳራሽ እየተሰበሰበ ማንዶሊን የሚጫወት የጃፓኖች ቡድን ነበራቸው፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። የሚጫወቱትን የሚደርሱላቸው እሳቸው ነበሩ። አልፎ አልፎ ወደ ላይ ስወጣ ከሩዝ የተሠራ ጨው ጨው የሚል ብስኩት ይሰጡኛል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ቆረጥ ቆረጥ ሳደርግ እሳቸው ይጫወታሉ። «አሁን ምን እየሠራሁ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ አንድ ቀን። «አራቱን ወቅቶች። ስፕሪንግ አልቋል፣ ሰመር አልቋል፣ ፎልም አልቋል። ዊንተር ነው የቀረኝ።» ከዚያ መምቻውን ይዘው እጃቸው እንደ ወፍ ክንፍ ተርገበገበና የፌንጣ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሰመር ይኸው ነው አሉ። በፎል ደግሞ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካኩ ቅጠል አረገፉ። ዊንተር የሚሉት ግን ያደጉበት ከተማ በረዶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይወርድና ጠዋት በር ሲከፈት ዓለም ጸጥ ብሎ ይገኛል። ጸጥታን እንዴት አድርጌ በክር ልንካው ብለው ሁለት ዓመት ተጨንቀዋል። ዜማው በቀስታ፣ ጠብ ጠብ እያለ ይሄድ ይሄድና ማለቂያው ጋ ሲደርስ ድርቅ ብሎ ይቆማል። «ከዚህ በኋላ ያለውን አላገኘሁትም» ይላሉ።

እኔ በረዶው ፍሪዘራቸው ውስጥ ያለ መሰለኝ። እኛ ከታች ያለን ፀሐይ ብቻ ነው፤ እሳቸው ከጣሪያችን በላይ አራት ወቅት አስቀምጠዋል። ቅናት ገደለኝ። አንድ ቀን ፊታቸውን ሲያዞሩ ፍሪዘሩን ከፈትኩት። ዓሣ ነበረበት።

እማማ የሞተችው በሰኔ ነው። የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ የመኪናውን ጣሪያ ሁሉ ሸፍኖ በነበረበት ሰሞን፣ ቴሌቪዥን ፊት እንደተቀመጠች፣ ማንንም ሳታስቸግር አረፈች። ቤታችን በአንድ ቀን ሌላ ቤት ሆነ። ፍራሽ መሬት ተነጠፈ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር በጭነት መጣ፣ እናቴ ከአናቷ እስከ እግሯ ጥቁር ለበሰች። ቴሌቪዥኑም በነጠላ ተሸፈነ። ለምን እንደተሸፈነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እማማ የሞተችው እሱ ፊት ስለሆነ እየተቀጣ መሰለኝ፤ ሰው ሳያየኝ በአጠገቡ ሳልፍ እገላምጠው ነበር።

አያቴ ማንዶሊኑን በጨርቅ ወለወለው፣ ክሮቹን አላላ፣ ሣጥኑ ውስጥ ናፍታሌን ጨመረበትና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለው።

«እስከ መቼ ነው አባባ?» አልኩት።

«ብጀምር ማን ያስቆመኛል?» አለኝ።

«እኔ አስቆምሃለሁ።»

ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኋላ ያለው ደረጃ ላይ የሚቀመጠው ባዶ እጁን ሆነ።

ሚስስ ናጋታ ቀብሩ ሲሆን አልነበሩም፤ ሌላ ከተማ እህታቸው ዘንድ ሄደው ነበር። ተመልሰው እንደ ልማዳቸው ከሰዓት በኋላ መጫወት ሲጀምሩ ሳሎናችን በለቅሶ ደራሽ ተሞልቷል። ከጣሪያው ላይ ማንዶሊን ወረደ። ያውም ሰመር፣ ያ ፌንጣው! ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እትዬ ጽጌ የሚባሉ የእናቴ የሱቅ ጎረቤት አሉ፤ ፌርፋክስ ላይ የለቅሶና የሠርግ ሥርዓት ሳይዛነፍ የሚውለው በእሳቸው ዓይን ነው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት።

«በስመ አብ ወወልድ! የሟች አፈር ሳይደርቅ በሐዘንተኛ ራስ ላይ ዘፈን? ሰናይት፣ ኧረ አንድ በያት!»

ሰናይት እናቴ ናት። ፊቷ በሃፍረት ቀላ። እጄን ይዛኝ ወደ ላይ ወጣን፤ የእናቴ እንግሊዝኛ ለሱቅ ይበቃል እንጂ እንዲህ ላለ ነገር ስለማይሆን እኔ ላስተረጉም ነው። ጫማችንን አወለቅን። ማንዶሊኑ ትራስ ላይ ተኝቷል። እማማ መሞቷን ስነግራቸው ሚስስ ናጋታ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ወዲያው ሄደው ማንዶሊኑን ሣጥኑ ውስጥ ከተው ዘጉት። ቁልፉ ቀጭ ሲል ይሰማኛል እስከ ዛሬ።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው?» አሉ።

እናቴ ስለ ሐዘኗ የጠየቋት መሰላት። እኔን ሳትጠብቅ ጥቁር ቀሚሷን ያዝ አድርጋ «ዋን ይር» አለች። እኛ ዘንድ ጥቁር እስከ ሙት ዓመት ነው። ሚስስ ናጋታ አሁንም ጎንበስ አሉ፤ ከቀድሞው ዝቅ ብለው። በእሳቸውም አገር ቤተሰብ የሞተበት ሰው ዓመት እስኪሞላው እንኳን አደረሰህ አይባልም አሉ፤ ገብቶኛል አሉ። ስንወርድ እናቴ፣ «እንዴት ያሉ ጨዋ ሴት ናቸው! እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?» እያለች ነበር።

ከላይ ዝም አለ። ለቅሶ ደራሹ ቀነሰ፣ አርባዋ ወጣ፣ ወንበሮቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፣ ከላይ ግን ዝም እንዳለ ነው። እኛም አላስተዋልነውም። ያስተዋልነው የአያቴን ሰሃን ነው። ምሳው እንደቀረበ ይነሣል። እራቱን በማንኪያ ሲያዞረው ያመሻል። ከደረጃው ላይ ተነሣ፣ ከሳሎን ተነሣ፣ በመጨረሻ ከክፍሉ መውጣት ተወ። ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እናቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ግፊት የለበት፣ ስኳር የለበት። ሐኪሙ ኪኒን ጻፈለት፤ እሱም አመስግኖ ተቀበለና ሳይወስደው ቀረ።

ሱሪው በገመድ መታሰር ሲጀምር እናቴ ፈራች። አንድ ቀን ለአባቴ በስልክ «እናቴን ቀብሬ ሳልጨርስ አባቴን ልቅበር ነው?» ስትል ሰማኋት። ሰው በመሰልቸት ሊሞት እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው በሩን ገርበብ አድርጌ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ማየት ሆነ።

እንደዚያ ሳየው አንድ ቀን፣ «ነይማ ሳምሪ» ብሎ ጠራኝ። በሩን አዘጋኝ።

«ያቺ የላይኛዋ ሴትዮ ሞተች እንዴ?»

«ኧረ አልሞቱም! ዛሬ ጠዋት ደረጃ ላይ አይቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አለች?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺ የካፊያ ዜማ አለቻት አይደል? ጠብ ጠብ የምትለዋ። ማለቂያዋ ጋ ስትደርስ ታቆማታለች። ልክ እማማሽ የምታስቆመኝ ቦታ ላይ። እሷን እየሰማሁ ልውል ነበር። ልክ ስታቆም ‹ይርጋ› የምባል ይመስለኛል።»

«ካፊያ አይደለም አባባ፤ በረዶ ነው። ራሳቸው ነግረውኛል።»

«ምን በረዶ! በረዶ ሲጥል ቆርቆሮ እንዲህ ዝም ይላል? የአዲስ አበባን በረዶ አላየሽ፤ ጣሪያውን ሊበሳው ነው የሚደርሰው። ካፊያ ነው ስልሽ፣ የነሐሴ መጨረሻ ካፊያ።» ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲከራከር ስላየሁት ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሚስቱን ቀብሮ ማንዶሊን ይጠብቃል ልባል ነው? ማይልኝ።»

ማልኩ። ምሎ ሰው የሚታፈን አይመስለኝም ነበር፤ ታፈንኩ።

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ወዳለው ላውንድሪ ሄድን። የልብስ ማጠቢያዎቹ ይጮኻሉ፣ ማድረቂያዎቹ ይንጓጓሉ፣ ሰው ካልጮኸ አይደማመጥም። እና ከጥጉ፣ ሳሙና ከሚሸጠው ማሽን አጠገብ፣ ሚስስ ናጋታ ጉልበታቸው ላይ ማንዶሊን አድርገው ይጫወታሉ። የሚያጥቡት ልብስ የላቸውም። ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ሊለጥፉት ደርሰዋል፤ የራሳቸውን ድምፅ ለመስማት።

«እትዬ ናጋታ! ምን ሆነው ነው?» አለች እናቴ፤ ሰውን ስታከብር አገሩን አትለይም።

ሚስስ ናጋታ ደንግጠው ብድግ አሉ። እዚህ ጫጫታ ስለሆነ ማንንም አልረብሽም አሉ። በጃንዋሪ ኮንሰርት አለባቸው፤ እጃቸው ካልነካው ደግሞ ዜማ አይመጣላቸውም። ቤት ውስጥ ዓመቱ እስኪሞላ አይሆንም። አንዳንድ ቀን በአውቶቡስ ወደ ፓርክ ይሄዳሉ፣ አንዳንድ ቀን እዚህ ይመጣሉ። ስተረጉምላት እናቴ ደረቷን ደቃች።

«ውይ በሞትኩት! እኔኮ ዓመት ያልኩት ልብሴን ነው! ንገሪያቸው፤ አሁን አርባዋ ወጥቷል፣ ይጫወቱ በያቸው። በሞቴ በያቸው!»

ነገርኳቸው። ሚስስ ናጋታ ፈገግ ብለው ጎንበስ አሉ። «እናትሽ ደግ ናት። ግን ዓመት ዓመት ነው።»

«ኧረ በማርያም!»

«በጣም አመሰግናለሁ። እችላለሁ፣ አይከብደኝም።»

«እኔን አፈር ስሆን!»

ይኸኛውን እንዴት ብዬ ልተርጉመው? ሁለቱም ይሉኝታቸው አንድ ነው። እናቴ ቤት ‹በቃኝ› ያለ ሰው እስከ ሦስተኛው ጉርሻ አይታመንም፤ ሚስስ ናጋታ አገር ደግሞ ‹ግድ የለም› ያለ ሰው በትህትና ነው እንጂ ከልቡ አይደለም ተብሎ ይታሰባል። እናቴ የምትለምነው ለጨዋነት መሰላቸው። እሳቸው እምቢ የሚሉት ቁርጥ አድርገው መሰላት። ሲሰጋገዱ ማሽናችን ጨረሰ። እኔ መሀል ቆሜ «አያቴ እየሞተ ነው፣ እባክዎ ይጫወቱ!» ብዬ ልጮህ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምያለሁ። የረጠበውን ልብስ እየጎተትኩ ወጣሁ፤ ተናድጄ አለቀስኩ። እናቴ ቅርጫቱ የከበደኝ መሰላት።

ዝናቡ የመጣው በኖቬምበር ነው። የሎስ አንጀለስ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ይጠፋና ሲመጣ ብድሩን በአንድ ቀን ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከአያቴ ጋር አልጋው ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ እሱ በመስኮት ያያል። መንገዱ ጎርፍ ሆኗል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል አንድ ሰው በዝናብ ይመጣል። ሚስስ ናጋታ ናቸው። ካፖርታቸውን አውልቀው ሣጥኑን ጠቅልለውበታል፤ እሳቸው በስስ ሸሚዝ፣ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ። ካፖርቱም ቢሆን ውሃ እያንጠባጠበ ነው።

«ኧረ! ኧረ! ኧረ!» አለ አያቴ።

ስለ ሴትዮዋ መስሎኝ ነበር። «ማንዶሊን ዝናብ ይመታል እንዴ!» ብሎ ብድግ። በስሊፐር፣ በቢጃማ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ወጣ። ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ሲራመድ አላየሁትም። ጎርፉን ረግጦ ሄዶ ሣጥኑን ከእጃቸው ተቀበለ። በአማርኛ እየተቆጣቸው፣ እሳቸው በጃፓንኛ ይቅርታ እየጠየቁት፣ ሁለቱም ወደ እኛ ሳሎን ገቡ። እናቴ ፎጣ ይዛ ሮጠች።

አያቴ መሬት ተንበርክኮ ሣጥኑን ከፈተ። ያ ሽታ ወጣ። ውሃ ገብቶበታል። የማንዶሊኑን ሆድ በጋቢው ጫፍ እንደ ሕፃን አደራረቀው፣ ጀርባውን አበሰ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ። ሁለቱ ላልተዋል። ቀና ብሎ ሚስስ ናጋታን አያቸው። ከሸሚዛቸው ኪስ መምቻውን አውጥተው ሰጡት። ቃኘው። ተቃኝቷል አልተቃኘም ለማየት ትንሽ ሞከረ። ትንሽ ልቀጥል አለ። ከዚያ እጁ ጌታውን አልሰማ አለ፤ ድሮ ለእማማ የሚጫወታት ዘፈን መጣች።

እናቴ ከፎጣው ጋር ቆማ ቀረች። የተሸፈነውን ቴሌቪዥን አየች፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች። በሩ ክፍት ነበር። ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ዘፈኗ ሞቀች። ማለቂያዋ ደረሰ። አያቴ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ጆሮውን ወደ ወጥ ቤቱ ዘንበል አደረገ። ልማድ ነው። ዝም። ወደ ኋላ ተመልሶ ከመሀል ጀመረ፣ አሁንም እዚያች ቦታ ደረሰ፤ አሁንም ዝም። ደግሞ ተመለሰ። ሊያቆማት አልቻለም፣ ሊጨርሳት አልፈለገም። እንባው በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ይንጠለጠላል፤ እጁ ግን አይቆምም። ‹እኔ አስቆምሃለሁ› ማለቴ ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። እንዲህ ከሆነ እስኪወድቅ ድረስ ሊጫወት ነው ብዬ ፈራሁ።

«አባዬ!» አለች እናቴ ከወጥ ቤት። ድምጿ ተሰንጥቋል። «አባዬ! ና፣ ሻይህ ቀዘቀዘ!»

እጁ ቆመ።

ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም ነበር። ይኸን እሱም ያውቃል፤ ስንት ዓመት የሻይ ሽታ ለይቷል። ማንዶሊኑን ቀስ ብሎ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛው።

«መጣሁ» አለ። «መጣሁ።»

ዞር ስንል እትዬ ጽጌ በሩ ላይ ቆመዋል። ዳቦ በፌስታል ይዘው ሊጠይቁን መጥተው ኖሮ ጃንጥላቸው ያንጠባጥባል። መቼ እንደደረሱ እንጃ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ስታያቸው ደሟ ከፊቷ ሸሸ። እትዬ ጽጌ ማንዶሊኑን አዩ፣ በፎጣ የተጠቀለሉትን ሚስስ ናጋታን አዩ፣ የአያቴን እርጥብ ፊት አዩ። ጃንጥላቸውን አጠፉ።

«ሻይ አለ ነው ያላችሁት? እንግዲያው ለእኔም ቅዱልኝ፤ በረደኝ» ብለው ገብተው ተቀመጡ።

እናቴ ሮጣ ውሃ ጣደች። አያቴ ያን ቀን ዳቦውን እየነከረ በላ፤ ጨምሩልኝም አለ። ሚስስ ናጋታ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ እናትሽ ምን ብላ ነው የጠራችው አሉኝ። ነገርኳቸው። የእማማንም ነገርኳቸው፤ ዘፈን ሲያልቅ ሆዷን ባር ባር እንደሚለው፣ እንደማታስጨርሰው። አያቴ ከላይ የእሳቸው ዜማ ሲቆም ምን እንደሚሰማው ጭምር ዘረገፍኩት፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ መሐላዬ የፈረሰ አልመሰለኝም። ብርጭቋቸውን ሲያስቀምጡ፣ «እስቲ እናትሽ እንዳለችው አድርገሽ በይልኝ» አሉኝ። አልኩላቸው። በጣታቸው ጠረጴዛውን በጥሪው ምት መቱት።

በማግሥቱ ከጣሪያችን ላይ ማንዶሊን ወረደ። አያቴ ከኋላ ያለው ደረጃ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ኮንሰርቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነበር። እናቴ በጥቁሯ ሄደች። እትዬ ጽጌም «እኔ ለእናንተ ብዬ ነው እንጂ ዘፈን አልሰማም» ብለው ታክሲው ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። አባቴ ዳውንታውን ፓርክ ማድረጊያ ፍለጋ ሲዞር ልናረፍድ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ማንዶሊኖቻቸውን አቅፈው ተደርድረዋል፤ ሚስስ ናጋታ ፊታቸው ቆመው በእጃቸው ይመሯቸዋል። ስፕሪንግ አለፈ። ሰመር ሲመጣ እትዬ ጽጌ «ይኼ ፌንጣው አይደል?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ፎል ቅጠሉን አረገፈ።

ከዚያ በረዶው ጀመረ። ሃያ ማንዶሊን ሲሆን እንደዚያ ቀስ ይላል ብዬ አላሰብኩም። አያቴ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ «ካፊያ ነው፣ ሰምተሻል?» አለኝ። ይሁንለት ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ዜማው ጠብ ጠብ እያለ ሄደ፣ ማለቂያው ጋ ደረሰ፣ ሁሉም ማንዶሊኖች በአንድ ጊዜ ቆሙ። ልክ እዚያች ቦታ ላይ። አልጨረሱትም ነበር። ከኋላ አንዲት አሮጊት ብቻ፣ በወፍራሙ ክር፣ አጭር ነገር መታች፤ ሰው ከሌላ ክፍል ሲጣራ የሚመስል። ሚስስ ናጋታ ጠረጴዛችን ላይ በጣታቸው የመቱት ነው። ወዲያው ለየሁት።

ከዚያ ዝምታ። ሰው ያጨብጭብ አያጨብጭብ አላወቀም። ሚስስ ናጋታ ጀርባቸውን እንደሰጡን እጃቸውን አየር ላይ አንሥተው ቆመዋል፤ አያወርዱትም። እናቴ እጄን ያዘችው፣ አጥንቴ እስኪያመኝ።

አያቴ ከወንበሩ ተነሣ።

«መጣሁ!» አለ፤ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማው።

ሚስስ ናጋታ ያን ጊዜ እጃቸውን አወረዱ።